ሁሉን አቀፉ ፎቶ

የሰፈራችን ጽሕፈት ቤት በ2006 ዓ.ም. የሠራውን ታላቅ ሥራ ሳልጽፍ ብሞት መሬቱም አይቀበለኝ። እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ የተማርኩ ሴት ነኝና ቃል ቢያጥረኝ ይቅር በሉኝ፤ ኃላፊያችን አቶ አበባው ግን ቃል አጥሯቸው አያውቅም።

መርሳ ዳር ለምንኖረው ለሦስት መቶ አባወራ ያለን አንድ የውሃ ቦኖ ነው። ሁለተኛ ይተከልልን ብለን ስንጮህ ከረምን። በመጨረሻ የበላይ አካል "እስቲ ሁኔታውን በፎቶ አሳዩን" አለ። አቶ አበባው ወዲያው ስብሰባ ጠሩ።

"ተራ ፎቶ የኪራይ ሰብሳቢ አስተሳሰብ ነው! እኛ ሁሉን አቀፍ ፎቶ አንስተን ገጽታችንን እንገነባለን። ኮምፒውተር ላይ ሲገፉት ዙሪያውን እየዞረ የሚያሳይ!"

አጨበጨብን። ማጨብጨብ ወረፋ የለውም።

ፎቶ አንሺው ሸሻይ ከወልድያ መጣ። መሐል ሜዳው ላይ ቆሞ፣ ስልኩን ዘርግቶ፣ እንደ ወፍጮ ቀስ እያለ ሊዞር ተዘጋጀ። አቶ አበባው ቦኖው ሥር የተሰለፍነውን አዩና ደነገጡ።

"ይሄ ወረፋ ገጽታ ያበላሻል። ከፎቶ አንሺው ጀርባ ሁኑ!"

"አቶ አበባው፣ ይሄ እኮ ጀርባም ያነሳል" አለ ሸሻይ።

"እንግዲያው አንተ ስትዞር አብረውህ ይዙሩ!"

ዞሩ። ሸሻይ በዞረ ቁጥር አርባ ሴት ከነጀሪካኗ በጀርባው ትሮጣለች። አቶ አበባው "ዙሩ! በተደራጀ አግባብ!" እያሉ ይነዳሉ።

"ወላሂ፣ ሠርግ መስሎኝ እልል ልል ነበር" አለች ጎረቤቴ አሚና እያለከለከች።

እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ከንጋት ጀምሬ ጠብቄ ገና ተራዬ መድረሱ ነው።

"እትዬ ፋንቱ፣ ይነሱ እንጂ!" አሉኝ አቶ አበባው።

"ጀሪካኔ ሳይሞላ? የበላይ አካልም ይየኝ!"

አየኝ። በወሩ ደብዳቤ ጻፈ፦ "ከፎቶው ለመረዳት እንደተቻለው አንዲት እናት ያለ አንዳች ወረፋ በመቅዳት ላይ ስለሆኑ፣ ሁለተኛው ቦኖ ለባሰበት ቀበሌ ተሰጥቷል።" ጽሕፈት ቤታችንም ስለ መልካም አስተዳደሩ የምስክር ወረቀት ተሸለመ።

ጀሪካኔን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። አቶ አበባው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጠዋል።

"ይኸው፣ ራስዎ ይግፉት። ወረፋ አለ?"

ገፋሁት። ሜዳው ዞረ፣ ተራራው ዞረ። ወረፋ የለም። ቦኖው ሥር እኔ ብቻ፤ ከጎኔ ደግሞ ሴቶቹን ሲነዱ ፎቶው የቆረጠው የአቶ አበባው አንድ እጅ። የቀረው አካላቸው ስብሰባ ላይ ይመስለኛል።

"የለም" አልኩ።

"አመኑ አይደል?"

"አመንኩ።" ጀሪካኔን ኮምፒውተሩ ሥር አስቀመጥኩ። "እዚህኛው ቦኖ ላይ ወረፋ ከሌለማ ይቅዱልኝ።"

"ይቀልዳሉ እንዴ?"

"ኧረ አልቀልድም። ቶሎ ይበሉ፣ ከኋላዬ ሰው አለ።"

"የት? ፎቶው ላይ የለም እኮ!"

"ፎቶውን ተወውና አንተ ዙር።"

አበባው ዞረ። ከበሩ እስከ አስፋልቱ አርባ ጀሪካን ተሰልፏል።

"በተደራጀ አግባብ ነው የመጣነው" አለችው አሚና።