ግራዝማች ክንዱና የማያልቀው ክርክራቸው

ክርክሩ የማያልቅ ደንበኛ የሌለው ማመልከቻ ጸሐፊ በጎንደር ከተማ አይገኝም። እንዲህ ያለው ሰው ቢፈረድለት ፍርዱ አነሰኝ ይላል፤ ቢፈረድበት ዳኛው አንቀላፍቶ ነበር ይላል፤ ቢታረቅ እንኳ የሽማግሌዎቹን አቀማመጥ ይነቅፋል። ፒያሳ ላይ አንድ በረንዳ የምንጋራ ጸሐፊዎች እያንዳንዳችን አንድ አንድ አለን። የሁሉም አለቃ ግን የእኔው ናቸው፤ ክቡር ግራዝማች ክንዱ።

ግራዝማች በአርበኝነት ዘመን በስሜን ተራሮች ላይ የተማሩትን አረማመድ እስከ ዛሬ አልተዉም። ከኋላቸው ማሩ የሚባለው አሽከራቸው ኮርቻ የተጫነች በቅሎ እየሳበ ይከተላል። በዚያች በቅሎ ላይ ሰው ተቀምጦ አይቼ አላውቅም።

እኔ በበኩሌ ተቀማጭ ነኝ። ጠዋት ወንበሬ ላይ ከተቀመጥሁ እስከ ማታ አልነሳም፤ ምሳዬም እዚያው ይመጣልኛል። ባለፈው ክረምት ግን ከቤቴ ወደ ፒያሳ የምታወጣው አጭር ዳገት ደረቴን እየጨመቀች ታስቆመኝ ጀመር። ሐኪም ቤት ብሄድ ሐኪሙ መስሚያውን ደረቴ ላይ አኑሮ ብዙ ቆየ።

«ልብም እንደ ባትህ ሥጋ ነው፤ ካላሠራኸው ይሰንፋል» አለኝ። «መቀመጥ ካልቀነስህና በየቀኑ በእግርህ ካልሄድህ ልጆችህን አታሳድግም።»

ይህን ለግራዝማች እየሳቅሁ ነገርኋቸው። ቆሞ የሚጽፍ ጸሐፊ የት ታይቷል? እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ ወሰናቸው ተገፋ።

«ተክለ ጊዮርጊስ የሚባለው ገበሬ ከወለቃ መንደር ማዶ ያለውን መሬቴን ገፍቶ አረሰብኝ» አሉ።

«ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ።»

«ሳታየው? ተነስ እንኳየሁ! መሬት ተቀምጦ አይታይም!»

ወለቃ ስንደርስ መናገር አቅቶኝ ነበር። በመንገድ ዳር ሸክላ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ ውሃ በቅል ሰጠችኝና ወደ ማሩ ዞረች፤ «ምነው፣ ይህን ሰውዬ ቀብራችሁት ልትመለሱ ነው?» አለችው። በቅሎዋን ዓይን ዓይኗን ሳያት ግራዝማች ቆጣ አሉ፤ «እሷ ለክብሬ ናት፤ ለስንፍናህ አይደለችም!» ተከሳሹ ገበሬ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያየን ዘንጉን እየወዘወዘ «ወሰኔን እንዳትረግጡ!» እያለ አገሩን በጩኸት ሞላው።

ከዚያ ወዲያ እረፍት የለም። አንድ ቀን የድንጋዩን ምልክት፣ ሌላ ቀን ግራሩን፣ ሌላ ቀን ጅረቱን እንድናይ ሄድን። ዝናብ ቢዘንብ «ውሃው ወዴት እንደሚወርድ የሚለየው ዛሬ ነው!» ይላሉ። ጾም ነው ብል «ሆድ ሲጎድል ዓይን ይጠራል!» ይሉኛል። ማመልከቻው ግን አንድ መስመር አልተጻፈም፤ ሁልጊዜ ያልታየ ነገር ይቀራል። እንዲህ እንዲህ ሲል ወራት አለፉ። የሰፈሬ ዳገት ታስቆመኝ እንደነበር የማስታውሰው አሁን ከወጣኋት በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግራዝማች መንገድ ላይ ከአንድ ቄስ ጋር ሰላምታ ሲያበዙ ቀድሜያቸው ሄድሁ። ወሰኑ ላይ ስደርስ ተክለ ጊዮርጊስ ጎንበስ ብሎ ሲያርም አገኘሁት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ደነገጠ።

«ምነው ቀድመህ መጣህ? ገና አልተቆጣሁም እኮ!»

«አያ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ምን ማለትህ ነው?»

ወደ መንገዱ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከግራዝማች ጋር እኮ ዓምና በሽማግሌ ታርቀናል። ወሰናችንም ሸጋ ሆኖ ተለይቷል። ‹ጸሐፊዬ ልቡ ደክሟል፤ ካላስኬድሁት ይሞትብኛል፤ ስንመጣ ጩህበት› ብለውኝ ነው። ይኸው በአንተ የተነሳ ጉሮሮዬ ተዘጋ!»

ወዲያው ግራዝማች በዳገቱ ብቅ አሉ። ካባቸው ተንሸራቷል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ለካ እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው። ተክለ ጊዮርጊስ ዘንጉን ከመሬት አነሳና በተዘጋ ድምፁ «ወሰኔን!» ብሎ ጮኸ።

«ምን ይላል ይሄ?» አሉኝ፣ በጥርጣሬ እያዩኝ።

«ክፉ ሰው ነው፣ ግራዝማች። ይህ ክርክር ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል።»

ግራዝማች ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ይፍጅ! ነገ በላይኛው በኩል እናየዋለን። በዚያ በኩል ግን ዳገቱ ይከብዳል።»

«ይክበድ» አልኋቸው።