የአባቴ መዝሙር ባለቤት አዲስ አበባ ተገኘ

ጎበዝ፣ ዛሬ በገዛ አባቴ መዝሙር ሌባ ተብዬ ነው የዋልኩት!

ቁጭ በሉ እስቲ። ቆማችሁ የምታነቡት ነገር አይደለም።

ለማታውቁኝ፣ ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ፍላሽና ሚሞሪ እሞላለሁ። መዝሙር፣ ስብከት፣ የህንድ ፊልም፣ የእግር ኳስ ጎል፣ የፈለጋችሁትን እጭንላችኋለሁ። እዚህ ሥራ ላይ ስኖር "ይሄ ነገር የማን ነው?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የማን ሊሆን? ሃርድ ዲስኬ ላይ ካለማ የኔ ነዋ!

አዎ፣ እንደዚህ ነበር የማስበው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።

አባቴ ወንጌላዊ ዴታሞ ካረፈ ዓመት ሞላው። ዛሬ ግቢያችን ውስጥ የምስጋና ፕሮግራም ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ከቸርች መጣ፣ ከሌሞ ገጠር ዘመድ በጋሪ በጋሪ ገባ።

አባቴ አንድ መዝሙር አለው። በቋንቋችን፣ በሀዲይሳ። በሕይወቱ ሌላ አላወጣም። እንሰታችንን አጠውልግ የሚባለው በሽታ የጨረሰው ጊዜ፣ የታመመውን እየነቀለ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀብር ነው ያወጣው። እናቴ አጠገቡ ገጀራ ይዛ ቆማ ነበር። "ባዶ ማሳ ላይ ቆሜም ስምህን እጠራለሁ" ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ የሌሞ ገጠር ቸርች ሁሉ ይዘምረዋል።

አሁን ታላቅ ወንድሜን ላስተዋውቃችሁ። ማርቆስ ይባላል፣ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሱቅ አለው፣ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ አባታችንን ሊቀብር አልመጣም። የቀብሩ ቀን ደግሞ ኔትወርክ ስላልነበረ በስልክ እንኳን አላየም።

"የዓመቱን እንዳታስቀርብኝ" አለኝ። "ላይቭ አድርግልኝ። ሰው ሲዘምረው አብሬ ላልቅስ።"

"አታስብ!" አልኩት። "እኔ እያለሁ?"

እኔ እያለሁ ነው የሆነው እንግዲህ።

ዝግጅቴን ብታዩ ትስቃላችሁ። መብራት ቢጠፋ ፓወር ባንክ አለኝ። ዋይፋይ ቢሞት ዳታ ሞልቻለሁ። መንግሥት አንዱን አፕ ቢዘጋ ቪፒኤን ጭኛለሁ። ዝናብ ቢመጣ ለስልኩ ፌስታል ይዣለሁ። በዚህ አገር አለ የሚባል ጠላትን ሁሉ አስቤበት ነበር።

ላይቩን በቸርቻችን ፔጅ ጀመርኩት። የመጀመሪያው ኮሜንት የማርቆስ ነው። "እዚህ ነኝ። ሱቁን ዘግቻለሁ።"

ጸሎት ሆነ። ቃል ተነበበ። ከዚያ አባቴ ከማረፉ ዓመታት በፊት በስልክ የቀዳሁትን መዝሙር በስፒከር ለቀቅኩት። ያ ሻካራ ድምፁ ድንኳኑን ሲሞላው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ጉባኤው ተቀበለው። 

ላይቩ ቀጥ አለ!

ማርቆስ ወዲያው ደወለ። "ቆመ እኮ! ምን ሆናችሁ?"

"ኔትወርክ ነው" አልኩት። እዚህ አገር ኔትወርክ ነው ያለ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ማይክ ያዝኩ። አሁን የምነግራችሁን ስጽፈው ራሱ ያመኛል። "ቅዱሳን፣ ትንሽ የኔትወርክ ችግር ስላለ፣ ይቅርታ፣ መዝሙሩን ከመጀመሪያው እንደገና..."

ለቅሶ ከመጀመሪያው እንደገና ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው እንባውን በነጠላው ጠርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ኪቦርድ የሚመታውን ልጅ እያየ ሲጠብቅ? አክስቴ እንዲያውም "አሁን እናልቅስ?" ብላ በምልክት ጠየቀችኝ።

በዚህኛው የአባቴን ድምፅ አልከፈትኩም። ጉባኤው ብቻ ዘመረ። ላይቩ እንደገና ቀጥ አለ። በሦስተኛው "ላይቭ ማድረግ አይችሉም" የሚል መጣ።

ጋሽ ሎላሞ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፣ ፔጁም የተከፈተው በሳቸው ስልክ ነው። መነጽራቸውን አደረጉና የመጣላቸውን መልእክት እንደ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ተረጎሙት። ማይኩ አጠገባቸው ነበር። ክፍት ነበር።

"ይህ ቪዲዮ የሌላ ሰው ንብረት ስላለበት ተቋርጧል። የመዝሙሩ ባለቤት..." ብለው አዲስ አበባ ያለ የአንድ ካምፓኒ ስም ጠሩ።



ጎረቤታችን እማማ ወላንሳ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት። "ባለቤት ነኝ ካለ ታዲያ ለቅሶ ለምን አልደረሰም?"

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል እናቴን አየኋት። እሷ አልሳቀችም። በእጇ ጠራችኝና ጆሮዬ ላይ "አባትህ የሰው ነገር ወስዷል ነው የሚሉት?" አለችኝ።

"ስህተት ነው እማ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ" ብያት ከድንኳኑ ጀርባ ሄድኩ።

ከመልእክቱ ሥር "አልስማማም" የሚለውን ነካሁ። የባለቤትነት ማስረጃ አያይዝ አለኝ። ምን ላያይዝ? ማሳውን? ጉድጓዱን? ያለችኝ ማስረጃ ገጀራ ይዛ ቆማ የነበረችው ሴትዮ ናት። እናቴን እንዴት አድርጌ አፕሎድ ላድርጋት?

ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። ስልኬ ሀዲይሳ አያውቅም። ኪቦርዱ ላይ የለም፣ መተርጎሚያው ውስጥ የለም፣ በድምፅ ሳናግረው ሌላ ቋንቋ ይመስለዋል። ቋንቋችሁ የለም ሲለን ነው የኖረው። ሊወስድብን ሲሆን ግን በሁለተኛው ስንኝ ላይ አወቀን!

እኛ ጋ ሰው ሲካሰስ ሽማግሌ ይቀመጣል። ከሳሹም ይናገራል፣ ተከሳሹም ይናገራል። ቢያንስ ፊት ታያለህ። ይሄኛው ዳኛ ግን ፊት የለውም፣ ጆሮም ያለው ለአንድ ወገን ብቻ ነው። ቅጣቱን በአንድ አፍታ ይሰጣል፣ አቤቱታህን ግን "እናየዋለን" ይልሃል። እኔ ኮፒራይት አያስፈልግም አልልም። ሰው ደክሞ የሠራው የራሱ ይሁን። ግን መጀመሪያ የሠራውን ሳይሆን መጀመሪያ ወረቀት ያስገባውን ነው ባለቤት የሚሉት። የአባቴ መዝሙር ደግሞ የኖረው በሰው አፍ ነው፣ ወረቀት አይቶ አያውቅም።

እንደዚህ እየተንጨረጨርኩ የካምፓኒውን ቻናል ከፈትኩ። አገኘሁት። የዚሁ የጊምቢቹ ከተማ ልጅ ነው የዘመረው፣ ምሕረቱ ይባላል። ሱፍ ለብሶ የሰው መኪና ተደግፏል። መግቢያው ላይ ደግሞ ማን አለ? አባቴ! የራሱ ድምፅ! እኔ በስልኬ የቀዳሁት! ከሥሩ "ጥንታዊ የሀገረሰብ ዜማ" ተብሎ ተጽፏል። አባቴ ጥንታዊ ሆነ በሉኛ።

የልጁ ስልክ ቁጥር ገጹ ላይ ነበር። ደወልኩ። ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ስድቡን በሁለት ቋንቋ አሰናድቼዋለሁ።

"ኧረ አንተ ነህ እንዴ!" አለኝ በደስታ፣ ቁጥሬን መዝግቦታል። "ደንበኛህ እኮ ነኝ!"

"የምን ደንበኛ?"

"ሚሞሪዬን ካንተ ጋ ነው የማስሞላው። ያንን መዝሙር ያገኘሁትም ካንተ ነው።"



"ታዲያ የዘማሪው ስም አልነበረበትም?" አልኩት።

"ነበረ እንጂ። የሱቅህ ስም ነበር።"

እየገባችሁ ነው? እኔ የምጭነውን ፋይል ሁሉ ስሙን እቀይረዋለሁ። ዘማሪው ይጠፋና የሱቄ ስምና ስልክ ቁጥሬ ይገባል። ማስታወቂያ ነዋ! የአባቴን መዝሙር ደግሞ ኮርቼበት ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ምርቃት አድርጌ እጭን ነበር። ከሆሳዕና እስከ ሺንሺቾ የአባቴን ድምፅ የማይዝ ስልክ የለም። የአባቴን ስም የያዘ ግን አንድም የለም። ሰርዤዋለሁ። በገዛ ጣቴ!

ተስፋ አልቆረጥኩም፣ አሁንም ጥፋቱ የሱ እንዲሆን ፈልጌ "ደውለህ አትጠይቅም ነበር?" አልኩት።

"ደውዬ ነበር እኮ ወንድሜ። 'አንዱን መዝሙር ልዘምረው ነው፣ የማን ነው?' ስልህ፣ 'ችግር የለውም፣ ውሰደው' አልከኝ።"

ብዬ ይሆናል። ስንት ሰው ይደውልልኛል። የትኛውን መዝሙር ብዬ እንኳን አልጠየቅኩትም።

ልጁ መጥፎ ልጅ አይደለም። ነገሩን ስነግረው ድምፁ ተቀየረ። "መጥቼ እናታችንን ይቅርታ ልጠይቅ" አለኝ። መዝሙሩን አንሱልኝ ብለህ ለካምፓኒው ንገርልኝ ስለው ግን ሳቀ፣ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ያስፈረሙትን ሳያነብ ነው የፈረመው። "እኔም ራሴ በራሴ ፔጅ ብለቀው ቆረጡብኝ" አለ። እሱም በራሱ ድምፅ ሌባ ተብሏል ማለት ነው። 

የካምፓኒውን ቁጥር ሰጠኝና ደወልኩ። የጥሪ ማሳመሪያ አላቸው።

አዎ። እሱ ራሱ ነው። መጀመሪያ የአባቴ ድምፅ፣ ቀጥሎ ምሕረቱ።

ማንም አላነሳም። ዛሬ የአባቴን መዝሙር ሳይቋረጥ የሰማሁት እዚያ ብቻ ነው፣ በካምፓኒው ስልክ ላይ፣ ድንኳን ጀርባ ቆሜ።

ወደ ውስጥ ስመለስ ሽማግሌዎቹ አንድ ጥግ ይዘው ይነጋገሩ ነበር። ጋሽ ሎላሞ ትከሻዬን ያዙኝ። "ልጄ፣ ፔጁ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ቢደገም ይዘጋል። ደቡብ አፍሪካ ያሉት ልጆቻችን እሁድ እሁድ በዚህ ነው የሚያመልኩት። እስኪጣራ ድረስ ይቺን መዝሙር እንተዋት።"

"እስከ መቼ ነው የሚጣራው?" አልኳቸው።

"እሱን አንተ ነህ የምታውቀው" አሉኝ። እኔ ነኛ የቴክኖሎጂው ሰው!

ልቆጣ ፈለግኩ። በማን? እውነታቸውን ነው። የኔ ወንድም ራሱ በዚያ ፔጅ ነው የሚያመልከው። ማንም አልተቃወመም፣ እናቴም ራሷን ነቀነቀች። ረሃብ ያላጠፋውን የአባቴን መዝሙር እንዲህ በጨዋ ደንብ፣ በጸሎት ዘግተን ከቸርቻችን አስወጣነው።

ለማርቆስ እውነቱን ጻፍኩለት። ሁሉንም፣ የሱቄን ስም ጭምር። ፋይሉን ልላክልህ ወይ አልኩት።

የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ከኋላው ደንበኛ በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ይጠይቃል። "ፋይሉማ አለኝ። ፋይል አልነበረም የፈለግኩት። በቃ ምንም አይደለም፣ ሱቁን ከፍቻለሁ።"

ወንድሜ ምንም አይደለም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። አባታችን ሲያርፍም እንደዚሁ ነበር ያለው። ቀብሩን ኔትወርክ አስቀረበት፣ የዓመቱን ደግሞ እኔ።

አመሻሽ ላይ እንግዳው ሄደ። ድንኳኑን የሚያፈርሱት ልጆች ግቢ ውስጥ ናቸው፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ በረንዳ ላይ ቆማ ቲክቶክ ላይቭ ገብታለች። እናቴ ጓዳ ውስጥ ሰሃን እያጠበች ነው። እያጠበች ማዜም ጀመረች። እሱን። ከመጀመሪያው ስንኝ፣ ያለ ኪቦርድ፣ ያለ ማይክ፣ አባቴ በሚያወጣበት ቦታ ትንፋሽ እያወጣች።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ልጅቷን ስልክሽን ዝጊ ማለት እችል ነበር። አብሬያት ማዜም እችል ነበር። እዚያው ቆሜ ማልቀስም እችል ነበር።

ጓዳ ገባሁና "እማ፣ ቀስ በይ፣ ልጅቷ ላይቭ ላይ ናት" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "እሺ ልጄ" አለችኝና ዝም አለች። ሰሃኑን ማጠብ ቀጠለች።

ወዳጆቼ፣ ካምፓኒው የቆረጠው ላይቩን ነው። ጓዳዋ ድረስ ገብቶ እናቴን ዝም ያሰኛት ማን ነው ትላላችሁ?

መልሱን አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ነው ኮሜንት የዘጋሁት።