የሸክላው ጀርባ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ስንት ደቂቃ ይወጣዋል? ፍልስፍና ስማር መልስ የሌለው ጥያቄ ይመስለኝ ነበር። ክሊፎርድ ትራንተር ግን ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ።

በእንግሊዝ ምድር አንድ የቀድሞ ዝነኛ ጥግ ይዞ የማይቀመጥበት መጠጥ ቤት የለም። ዝናውም በየዓመቱ አንድ ክንድ ይረዝማል። እኛ የሎዌስቶፍት ከተማ ሰዎች ዕድል ጎድሎን የደረሰን ግን ዝናውን በየዓመቱ የሚያሳጥር ሰው፣ ክሊፍ ነው።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ የክቡር ትራንተር ቡድን፣ ዘፋኝ የሌለው የሙዚቃ ቡድን፣ አንድ ሸክላ አወጣ። ከጨረቃ የወረደ የሚመስለው የኤሌክትሪክ ድምፁ አገሩን ሁሉ አንጋጦ ሰማይ እንዲያይ አደረገ። ሽፋኑ ላይ ኪቦርድ ታቅፎ የሚስቀው ክሊፍ ነው። በቴሌቪዥንም ጣቶቹን ያርመሰመሰው እሱ ነው።

"ያንን የጠፈር ድምፅ ያወጣኸው አንተ ነህ አይደል?" ይለዋል እንግዳ፣ ቢራ አስቀድቶ።

"አይደለሁም። ያን ቀን ያርማውዝ ከተማ ለበጋ እረፍተኞች እየተጫወትኩ ነበር። ሌላ ሰው ነው የተጫወተው።" ቢራውን በጨዋ ደንብ መልሶ ይገፋዋል። "የሸክላውን ጀርባ ስማው። እዚያ ያለው ፒያኖ የኔ ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ አንዴ 'አዎ' ብትል ምላስህ ይቆረጣል?" ትጮሃለች የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሞሪን። "ደንበኛ ጨረስክብኝ እኮ!"

"ቴሌቪዥን ላይ የዋሸሁት ይበቃኛል፣ ሞሪን።"

የሰፈሩ ኮሚቴ በስሙ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሊሰቅል ሲል እንኳ ደብዳቤ ጽፎ አስቀረው። እኔም ሠላሳ ዓመት አብሬው ስጠጣ ጀርባውን ሰምቼው አላውቅም። "ነገ" እለው ነበር።

ባለፈው ኅዳር ሞተ። ሸክላውን ለእኔ ትቶልኛል፤ ፊቱ አንድ ጭረት የለበትም፣ ጀርባው ከመጫወት ብዛት አመድ መስሏል። በቀብሩ ዕለት ጠዋት ብቻዬን ሰማሁት። ተራ ፒያኖ ነው። መሃል ላይ አንዲት ቁልፍ ይስታል፣ አይደነግጥም፣ ይቀጥላል። ክሊፍ ራሱ ነው።

ጸሎት ቤቱ ግን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጀርባውን ላጫውት ስል ሞሪን ክርኔን ያዘችኝ።

"ያንን ማን ያውቀዋል? ሰዉ የመጣው ለዝነኛው ዜማ ነው። አንተ ደግሞ አትድረቅ!"

አልደረቅሁም። ሸክላውን ወደ ፊቱ ገለበጥሁት። ድምፁ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ሁሉም አለቀሰ፣ በሌላ ሰው ጣት።

በእርሳስ የጻፈልኝ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፦ "አንተ ፈላስፋ፣ በቀብሬ ጀርባውን አጫውትልኝ። ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ናት፤ ማንንም አታደክምም።"