የኔታ ጆሮ ላይ ያለቀ ባትሪ

ሰሞኑን ዕቃ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ብሎን አለው? ካለው እንነጋገራለን። ከሌለው መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የደባርቅ ነጋዴዎች ለምደውኛል። «ብሎን ፈላጊዋ መጣች» ይሉኛል አሉ ከኋላዬ። ይበሉ። እኔ የተቃጠልኩትን እነሱ አልተቃጠሉም።

እስቲ ፍረዱኝ። እኛ ዘንድ የማይጠገን ነገር ነበረ እንዴ? ጀሪካን ቢቀደድ በጋለ ብረት ተለብልቦ ይደፈናል። ቅል ቢሰነጠቅ ይሰፋል። ጃንጥላ ጠጋኙ ገበያ ዳር ተቀምጦ እየጠበቃችሁ ነው። የአባቴ የብራና ዳዊት ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ብራናው ገና ሲፋቅ የተበሳ። ጸሐፊው ምን አደረገ? ጣለው? ቀዳዳውን ሰፋና ፊደሉን በዙሪያው አዙሮ ጽፎ ቀጠለ። ራዲዮናችን እንኳ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ከሆዱ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ቢያንስ ዜናውን ያስጨርሰናል።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው ያ ነጭ ነገር የገባው።

ቆይ፣ መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። እኔ ደባርቅ ላይ አንዲት ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አባቴ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። እኛ ልጆቻቸውም «አባባ» ብለናቸው አናውቅም፤ ቤታችን ሁልጊዜ ተማሪ የሞላበት ስለነበር ከተማሪው ጋር «የኔታ» እያልን አደግን። ታናሽ ወንድሜ ሞላ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ አስጎብኚ ነው። ፈረንጅ ይዞ ተራራ ይወጣል፤ ሲወርድ ምላሱ ላይ እንግሊዝኛ ተለጥፎበት ይመጣል።

የኔታ ጆሯቸው የደከመው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋባቸው። ቀጥሎ በር ሲንኳኳ አልሰማ አሉ። ከዚያ የተማሪዎቻቸው ድምፅ ራቃቸው። ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ዕድሜ ነው አለን። የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ከአዲስ አበባ ይምጣላቸው አለን። የመሣሪያውን ዋጋ ሲነግረን ሞላ ተነሥቶ ወጣ፤ ስለሱ ባናወራ ይሻላል።

አያችሁ፣ ሌላ ሰው ጆሮው ቢደክም ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ጎረቤቱን ይረብሻል። የዜማ መምህር ምን ያድርግ? መጽሐፉ ላይ ያለው ምልክት ብቻውን አያዜምም። ተማሪው ያዜማል፣ መምህሩ ሰምቶ ያርማል፣ ተማሪው ደግሞ ይለዋል። ትምህርቱ ይኸው ነው። የኔታ በቀረቻቸው ዕድሜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ጾመ ድጓ፣ ማለት የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ ምንም ሳያጎድሉ ለአንድ ሰው ማስረከብ። ያ ሰው ዲያቆን አዛናው ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ገና ጀማሪ ናቸው። አዛናው ትምህርቱን ሳይዘልቅ ጆሯቸው ከተዘጋ ጉባኤው ይበተናል፣ ዜማውም አብሯቸው ይቀበራል። ይህን ስንት ጊዜ ነግረውኛል! እየጮሁ ነው ታዲያ የሚነግሩኝ፤ መስማት ያቃተን እኛ እንመስላቸዋለን።

እንግዲህ አንድ ቀን ሞላ ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ ከሚባለው ሰፈር እንግዶቹን ሲሰናበት አንዱ ፈረንጅ ከጆሮው ነቅሎ ገመድ አልባ ኤርፎን ሰጠው። ከነቻርጅ ማድረጊያ ሳጥኑ። ሞላ ለራሱ ነበር ያሰበው፤ አልዋሽላችሁም። በኋላ ስልኩን ሲነካካ አንድ ነገር አገኘ። ስልኩን ከሚናገር ሰው ፊት ብታስቀምጡት ድምፁን ለቅሞ፣ አጉልቶ፣ ኤርፎኑን ለሰካው ሰው ጆሮ ያደርሰዋል። ሳምንት ሳይሞላው ዳባት ወርዶ የኔታ ጆሮ ላይ ሰካላቸው። ስልኩን አዛናው እግር ሥር አስቀመጠና «በል አዚም» አለው።

አዛናው ጀመረ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆዩና እጃቸውን አነሡ። ሁላችንም ምን ሊሉ ነው ብለን አየናቸው።

«ማነው ከኋላ ቆሎ የሚቆረጥም?» አሉ።

ተማሪው ሁሉ ክው አለ። ስንት ዘመን ሲቆረጥሙ ኖረዋል መሰላችሁ! የኔታ ሳቁ፣ እኔ ወጥቼ አለቀስኩ። ቆሎ ሰምተው ያን ያህል የተደሰቱ ሰው አይቼ አላውቅም።

ችግሩ ወዲያው መጣ። የደብሩ ሰው የኔታ ነጭ ነገር ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ሲወዘውዙ አየ። ያንን ነገር የሚሰካው ማን ነው? የዳባት ጎረምሳ። ምን ይሰማበታል? ዘፈን። ወሬው እስከ ደባርቅ ደረሰ፤ አንዲት ደንበኛዬ የልደት ሰርተፊኬት ኮፒ እያስደረገች «የኔታ በዚህ ዕድሜያቸው ዘፈን ጀመሩ ይባላል፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ረጅም ክርክር ነበር አሉ። በመጨረሻ ለማስተማር ይሁንላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን እንዳይሰኩት ተብሎ ተወሰነ። የኔታም «መልካም ነው፤ እዚያስ ልቤ ያውቀዋል» ብለው ተቀበሉ።

ደግሞ ሴትዮዋ አለች። ኤርፎኑ ባትሪው ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ትናገራለች። የመጀመሪያ ቀን የኔታ ጆሮ ውስጥ ስትናገር ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ይህች ሴት ማናት? ጉባኤ መሃል ምን ትላለች?» አሉ። ሞላ እየሳቀ «የኔታ፣ ባትሪ አለቀ እያለችዎት ነው» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ስሟ ሴትዮዋ ሆነ። ሴትዮዋ ከመጣች ትምህርት የለም፤ ተማሪ ሁሉ አጎዛውን ጠቅልሎ ይነሣል።

ዓመቱ ደኅና አለፈ። ከዚያ ሴትዮዋ ቶሎ ቶሎ መምጣት ጀመረች።

ድሮ ጠዋት ሙሉ የማትመጣዋ፣ አሁን የኔታ ገና ሁለተኛውን ተማሪ ሲያርሙ ከች ትላለች። ሳጥኑን ሞላነው፣ በሶላር ሞከርነው፣ ቻርጀር ቀየርን። ነገሩ ሌላ ነው ለካ። ባትሪ በተሞላና በጎደለ ቁጥር ከዕድሜው ይቀነሳል፤ ያ ፈረንጅ ደግሞ ግማሽ ዕድሜውን በልቶ ነው የሰጠን። እኛ ስጦታ ስንቀበል የዕቃውን ዕድሜ መቼ እንጠይቃለን?

ደባርቅ ይዤው ወጣሁ፣ ስልክ ሠሪው ዘንድ። ስልክ ሠሪው የሰው ስልክ እንደ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ነው። ይህን ግን አገላብጦ አገላብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ በምን ልክፈተው?» አለኝ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ብሎን የለው። በሙጫ ነው የታሸገ። ሲሠሩት ማንም እንዲከፍተው አላሰቡም።»

ቢሆንም ሞክር አልኩት። ግራውን በሙቅ አየር አሞቀው፣ በቀጭን ቢላ ፈለቀቀው። ተከፈተ፤ ግን ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፣ ፀጉር የምታህል ሽቦም ተበጠሰች። ውስጡ ያለችው ባትሪ ሽንብራ ታክላለች። የስልክ ባትሪ መሳቢያ ሙሉ አለው፤ የዚህችን ዘር ግን አይቷትም አያውቅ። ጎንደር አስፈለግሁ፣ አዲስ አበባም በሰው አስጠየቅሁ፤ መልሱ አንድ ነው፣ አይጠገንም፣ አዲስ ግዙ። ርካሹን አዲስ ገዛንላቸው። የኔታ ሰክተው «አዛናው ጋን ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ የሚያዜም?» ብለው አወለቁት። እሱም ክረምቱን አልተሻገረም። እሱም ብሎን የለውም።

ስለዚህ አንድ ጆሮ ቀረን። የቀኙ።

አሁን የሚቀጥለውን ስሙኝ፤ እንዲህ ያለ ስሕተት የእኛ የቤተ ክህነት ልጆች ካልሆኑ ማንም አይሠራውም። ርክርክ የሚባል የዜማ ምልክት አለ፤ ድምፁ ቀስ እያለ፣ እየተንከባለለ የሚወርድበት ቦታ ነው። ጊዜ ይወስዳል። ተማሪዎቹ ተመካከሩ። ርክርኩን ሁሉ ካንከባለልነው ሴትዮዋ ትደርስብናለች፣ ተራው ለአንዳችን ነው የሚበቃው፤ ስለዚህ ለጊዜው እንዝለለው አሉ። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ለየኔታ አዝነው ነው፣ ለባልንጀራቸው ተራም አዝነው። አዛናው ራሱ ነው የነገረኝ።

«እትዬ፣ ሲጠገን እንመልሰዋለን» አለኝ።

ሲጠገን! ቃሉን አያችሁት? ጃንጥላ በሚጠገንበት አገር ያደገ ሰው ነው። ነገ የማይጠገን ነገር ሊኖር እንደሚችል ማን ነግሮት?

የኔታ አላወቁም ትላላችሁ? አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አዛናው ርክርኩን ዘለለ። የኔታ እጃቸውን አነሡና «ርክርኩስ?» አሉ። አዛናው አንገቱን ደፍቶ «ብዬዋለሁ የኔታ» አለ። ድገመው ካሉት ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ ባትሪው ካለቀ የዛሬው ትምህርት ቀረ። ኤርፎኑም በዚያ ሰሞን ድምፅ እየቆራረጠ መዋጥ ጀምሮ ነበር። የኔታ ቀኝ ጆሯቸውን ነካ ነካ አደረጉና «አየ፣ ጆሮዬ ነው እንግዲህ። በል ቀጥል ልጄ» አሉት። እኔ ዜማ አልተማርኩም። ግን ልጅ ሆኜ ስንቱን ምሽት በዚያ ርክርክ እንቅልፍ የወሰደኝ ሰው ነኝ፤ አለመኖሩን አውቀዋለሁ።

እንዲህ እያለ አዛናው ዘለቀ። የመጨረሻውን ገጽ ባዜመ በሳምንቱ የቀኙም ኤርፎን ዝም አለ። የኔታ ደስታቸው ሌላ ነበር። «አስረከብኩ» አሉ፤ ደጋግመው፣ እየጮሁ። መረቁት፣ ደብሩም የዜማ መሪ አድርጎ ሾመው። ሁሉ ሰው እልል ሲል አዛናው ፊቱ አፈር መስሎ ነበር።

ኋላ ዳባት ገበያ አገኘሁት። ርክርኩን ልመልሰው ብዬ ስንት ጊዜ ሞከርኩ አለኝ። መጽሐፉ ላይ ምልክቱ አለ፤ እንዴት እንደሚንከባለል ግን ከአፌ ጠፍቷል አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የዘለልኩትን አሁን በግምት እለዋለሁ፤ ልክ ብዬው እንደሆነ ማን ይንገረኝ? አለኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለምን የኔታ ራሳቸው እንዲያዜሙልህ አትጠይቅም ስለው፣ «አስረከብኩ» ያሉበትን ደስታ እንዴት ላጥፋባቸው አለኝ። ተማሪዎቹንስ እንዴት ነው የምታስተምራቸው ብዬ ጠየቅሁት። በግምት የሰው ልጅ ከማሳስት ብተወው ይሻላል ብዬ፣ ያለ ርክርኩ ነው አለኝ።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾሙ እኩሌታ፣ የደብረ ዘይት በዓል ዕለት ጠዋት እዚያው ደብር ነበርኩ። ጾም ነውና ከበሮም ጸናጽልም የለም፤ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚዘመመው። የኔታ ከመደዳው ራስ ቆመው ነበር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። አዛናው መራ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ መቋሚያው ሁሉ አንድ ላይ ግራ ቀኝ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ አብረው ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ የየኔታ መቋሚያ ወደ ኋላ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የባሰ ቀረ። የአገሩ ሰው አዲሱን መሪ ይወደዋል፤ ቶሎ ያስጨርሳል፣ ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ ይገባል ብለው ያመሰግኑታል። ያን ቀንም ቶሎ አለቀ።

ለየኔታ ግን አላለቀም። ሁሉም ቆሞ ጸጥ ብሎ ሳለ የእሳቸው መቋሚያ ብቻ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዷን ርክርክ ሳይዘሉ፣ በልባቸው እያንከባለሉ ነው። ከኋላዬ ያለች ሴት ከንፈሯን መጠጠችና «ምስኪን፣ እርጅና መጣና ዜማው ጠፋባቸው» አለች። ሌላው «ምን ያድርጉ፣ ዕድሜ ነው» አላት። ዞር ብዬ ልናገራት ፈለግሁ። ከተናገርኩ ግን አዛናውን ማጋለጤ ነው።

አዛናው ጠጋ አለ። መቋሚያቸውን በሁለት እጁ በቀስታ ያዘውና ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብሎ «አልቋል፣ የኔታ» አለ።

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። ሁሉም እያያቸው እንደሆነ አዩ። አፈሩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለተማሪዎቻቸው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉና «ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ ተሳሳትኩ» አሉ።