የባቶክ ትርጓሜ

(ደብረ ማርቆስ፤ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የመርፌ ክፍል ደጃፍ። የቅኔ መምህሩ የኔታ ገዳሙ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሐኪሟ የሰጠቻቸውን ወረቀት ዓይናቸው ሥር ደቅነዋል። ወገባቸውን ካመማቸው ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ነገ ደግሞ ማኅሌት አለባቸው። ከይጁቤ ይዟቸው የመጣው ጎረቤታቸው ሙላት ፊት ለፊታቸው ቆሟል።)

ገዳሙ፦ አልወጋም ብያለሁ አልወጋም! ባቴ ተወግቶ ነገ በየትኛው እግሬ ላሸብሽብ?

ሙላት፦ ኧረ የኔታ፣ ባትዎን ማን ነካው?

ገዳሙ፦ ይኸው ተጽፏላ! «ባቶክ» ይላል።

ሙላት፦ (ወረቀቱን በትኩረት እያየ) እንዲያ ነው እንዴ የሚለው?

ገዳሙ፦ አንተ እንግሊዝኛ የት ታውቅና! ስማ፣ ላመስጥርልህ። «ባት» ያው የእኛው ባት ነው። እንግሊዞች ቃል ሲያጥራቸው ከእኛ ወሰዱት።

ሙላት፦ መቼ?

ገዳሙ፦ ሲያጥራቸው አልሁህ እኮ! «ቶክ» የራሳቸው ነው፤ ተናገር ማለት ነው። ሲገጥም «ባት ተናገር»።

ሙላት፦ ባት ምን ብሎ ይናገራል?

ገዳሙ፦ መርፌ ሲገባበት ዝም ሊል ኖሯል?

ሙላት፦ (ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) የኔታ... መቀመጫ ነው እኮ።

ገዳሙ፦ መቀመጫ መሆኑንማ አያለሁ! ተገትረህ ከምታደርቀኝ ና ተቀመጥበት።

ሙላት፦ እሱን አይደለም፤ የእርስዎን መቀመጫ ነው።

ገዳሙ፦ (ፈቀቅ እያሉ) ይኸው ተጠጋሁልህ! ሁለታችንንም ይችላል።

ሙላት፦ ኧረ እንዴት ብዬ ልንገርዎ! ሴቶች አሉ...

ገዳሙ፦ ሴቶቹም ይቀመጡ! ማን ከለከላቸው?

(ነርሷ ሕሊና ከውስጥ ስማቸውን ትጠራለች። የኔታ ወደ ውጭው በር ሊያፈገፍጉ ብድግ ሲሉ ወገባቸው ቀስፎ ያዛቸው። በዚህ ወገብ ሌሊቱን ቆሞ ማደር እንደማይሆን ገባቸው። እያማተቡ የግራ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ገቡ።)

ሕሊና፦ አባቴ፣ ምነው እግርዎን ገለጡት?

ገዳሙ፦ ባቶክ ነዋ ልጄ። ግራውን ውጊልኝ፤ ቀኙን ለነገ እፈልገዋለሁ።

ሕሊና፦ (ሳቋን እየዋጠች) የኔታ፣ ሱሪው ከታች አይጠቀለልም፤ ከላይ ነው ዝቅ የሚለው። በሆድዎ ይተኙልኝ።

(የኔታ ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋለ። ጥቂት ቆይተው እያነከሱ ሲወጡ፣ ሙላት አንገቱን ደፍቶ ጠበቃቸው።)

ገዳሙ፦ አንተ! እንግሊዝኛ እያወቅህ ነው ያን ሁሉ ስለፈልፍ የምታየኝ?

ሙላት፦ እኔ? እንግሊዝኛ? እርስዎ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ሲይዙት፣ ሐኪሟ ከጀርባው በአማርኛ የጻፈችውን አነበብሁ እንጂ።

ገዳሙ፦ ከጀርባው አማርኛ ነበረው?

ሙላት፦ ነበረው እንጂ የኔታ። እርስዎ ፊቱን ሲመራመሩ፣ ነገሩ ያለው ከኋላ ነው።