የጋሼ አህጉር ምርጫዎች

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ዘፈን ብቻውን መስማት የማይሆንለት። የወደደውን ዘፈን ሌላ ሰው ካልሰማለት እሱም የሰማው አይመስለውም። ክንድህን ጨምድዶ ይዞ «ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን ትመጣለች!» ይልሃል። የምትመጣው ጊታሯ ናት። እሷ እስክትመጣ አውቶብሱ ይሄዳል።

የአንዲት ልብስ ሰፊ ዕጣ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር ግድግዳ መጋራት ሆነ። ጎረቤቷ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጋሼ አህጉር ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም እንደ ሹመት ተቀብለውታል። ጠዋት ሱቃቸውን በማሊ ዘፈን ይከፍታሉ፣ ምሳ ሰዓት ኮንጎ ይገባሉ፣ ማምሻውን ኬፕ ቨርዴ ደርሰው ይተክዛሉ። ደንበኛው ምላጭ አንገቱ ላይ ስላለ አይከራከርም። የአንዱንም አገር ቋንቋ ሳያውቁ ሁሉንም ይተረጉማሉ።

«ምን እያለ መሰለህ? ‹ጥለሽኝ ሄድሽ› ነው የሚለው!»

በእሳቸው ትርጉም አፍሪካ ውስጥ ያልተለያየ ሰው የለም። አንዴማ የሳሙና ማስታወቂያ ተርጉመው አንዱን ጎልማሳ አስለቅሰውታል።

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን በመቀሷ እጀታ ትደበድባለች። «ጋሼ፣ ኧረ ይቀንሱልኝ! መርፌዬ እየዘለለ ነው!»

«ይዝለላ! ምቱ እኮ ነው!»

ከዚያ ባለቤታቸው ታመሙ። ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተምረው ከከተማው ወጥተው የማያውቁ መምህርት ነበሩ። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ሲመልሷቸው፣ ጋሼ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አልጋ ዘረጉላቸው። የዘፈኑም ድምፅ በአንድ ጊዜ ዝቅ አለ። ልብስ ሰፊዋ እፎይ አለች።

አንድ ከሰዓት ሾርባ ይዛ ስትገባ ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቴፑ ትራሱ አጠገብ ሆኖ በቀስታ ይዘፍናል።

«ዛሬ የት ነን?» አሉ መምህርቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ሴኔጋል።»

«ወንዙ ይታያል?»

«በመስኮቱ በኩል ነው። ትንሽ ቀና በይ።»

ልብስ ሰፊዋ ሾርባውን አስቀምጣ ወጣች። ማሽኗ ላይ ብትቀመጥም ስፌቱ አልታይ አላት።

መምህርቷ ያረፉት አንድ እሑድ ረፋድ፣ ዚምባብዌ ላይ ነው። ጋሼ ዘፈኑ እስኪያልቅ እጃቸውን ይዘው ቆዩና ከዚያ ወጥተው ጎረቤት ጠሩ።

ከቀብሩ በኋላ ሱቁ ተከፈተ፤ ዘፈኑ ግን አልተከፈተም። ደንበኞች «ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?» ሲሏቸው «ቴፑ ተበላሽቷል» ይላሉ። ጸጥታው ልብስ ሰፊዋን አላሠራት አለ። እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ፈታችው። እንደገና ገልብጣ ሰፋችው።

ሥራዋን ጥላ ሄደች። ጋሼ ባዶው የደንበኛ ወንበር ላይ፣ ከመስተዋቱ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ያቺን ኮራ በሚሉት በገና የምትዘፍነውን ሴትዮ ይክፈቱልኝ። የኮንጎዋን።»

ጋሼ ጭናቸው ላይ ያለውን ፎጣ አጣጠፉ።

«የኮንጎዋን» አለች ደግማ።

«ኮራና ኮንጎን ምን አገናኛቸው?» አሉ በሻከረ ድምፅ። «የማሊ ናት! ይህን ሁሉ ዓመት ሰምተሽ…»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ልዩነቱን ያሰሙኝ እንጂ።»

ጋሼ ፊታቸውን በፎጣ ጠረጉና ወደ ቴፑ ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ሴትዮዋ የማሊ መሆኗን አሳምራ ታውቃለች፤ ዘፈኗንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ይዛዋለች። ይህን ግን አልተነፈሰችም። በርጩማ ስባ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ተቀመጠች።