የኮይል ጥናት ክበብ በፕሮይንገስሃይም

ሲጋራ ለማቆም ያሰባችሁ ካላችሁ ምክሬ አንድ ነው፤ ለተማረ ሰው አትንገሩ። ላልተማረ ሰው ብትነግሩት «እግዜር ይርዳህ» ብሎ ይገላግላችኋል። የተማረ ሰው ግን ይረዳችኋል… ያውም አጥንቶ!

የእኔን ጉድ ስሙማ። ሠላሳ ዓመት ገደማ አጭሻለሁ። አዲስ አበባ አጭሻለሁ፣ ጥገኝነት ጠያቂ ሆኜ አጭሻለሁ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስጭን ውዬ በእረፍት ሰዓቴ አጭሻለሁ። ሚስቴ ለምና ለምና ሰልችቷት ትታኛለች፤ ልመናውን ማለቴ ነው። ሐኪሙም አንድ ቀን የሳንባዬን ፎቶ አሳይቶኝ፣ ጥራቱን አድንቄለት ወጥቻለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያንበረከከችኝ አራት ኪሎ እንኳ የማትሞላ ሴት ናት… የልጄ የጽዮን ልጅ፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ።

ሆስፒታል የገባሁት እጄን ዘርግቼ ነበር። ጽዮን ነርስ ናት፤ አራስ አልጋ ላይ ተኝታም ነርስ ናት። ጎንበስ ስልላት አንገቴን አሸተተችና ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሰበሰበቻት።

«ፓፓ፣ ናይን» አለችኝ። «ሲጋራ የሚሸት ሰው አይይዛትም።»

«አያቷ እኮ ነኝ።»

«ኦፓዋ መሆንህን አውቃለሁ። ግን ትሸታለህ።»

ቁርጤን ነገረችኝ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ እስከዚያ ጊዜ ተሰጠኝ። የዚያን ዕለት ካልሸተትኩ ሕፃኗን ከቤተ ክርስቲያን እስከ ድግሱ አዳራሽ አቅፌ የምሄደው እኔ ነኝ። ከሸተትኩ ደግሞ አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ይይዛታል… ኑረንበርግ የሚኖር፣ አጭሶ የማያውቅ፣ ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ ሰው። በባቡር ስመለስ እጆቼን እያየሁ መጣሁ። የዓለምን ሻንጣ ሁሉ ያነሱ እጆች ናቸው፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ተከለከሉ። ከፋኝ፣ በእውነት ከፋኝ።

በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ቬፕ ገዛሁ። ለማታውቁት፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ጣዕም ያለው ፈሳሽ እያሞቀ እንፋሎት የሚያወጣ ዕቃ ነው። ውስጡ ኮይል የሚሉት የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ፤ በሽቦው መሃል ጥጥ ያልፋል፤ ጥጡ ፈሳሹን ይመጥጣል፣ ሽቦው ያግላል፣ እናንተ ትስባላችሁ። ሻጯ ሴትዮ ሁሉን ነገር አስረድታ ለመጨረስ አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ኮይሉ ሲያረጅ አውጥቼ ጥዬ ሌላ ዝግጁ መግጠም፣ ኒኮቲኑን ደግሞ እየቀነስኩ ዜሮ ማድረስ… በቃ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

ግን ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ የከተማው ባቡር ኤስ-ባን ውስጥ ለጋሽ ሙሉጌታ ነገርኳቸው። ጋሽ ሙሉጌታ ሆኽስት ኬሚካል ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ በኬሚስትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ ተማሪ ነበሩ። እዚህ አገር ድሮ ተማሪ ነበርኩ የሚል ሐበሻ ካጋጠማችሁ ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ፈተናውን በትርፍ ጊዜው፣ አብዮቱን በሙሉ ጊዜው የሠራ ማለት ነው።

«ዝግጁ ኮይል መግዛት ጥገኝነት ነው» አሉኝ ዕቃውን እያገላበጡ። «ሽቦውን ራስህ ጠቅልል። በራስህ ኃይል ተማመን።»

ቅዳሜ ከሰዓት ፕሮይንገስሃይም ሰፈር፣ ቤቴ መጡ። ሽቦ፣ ጥጥ፣ ወረንጦና አጉሊ መነጽር ይዘዋል። የሽቦውን ጫፍ አስይዘው በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ ዘንግ ላይ ስድስት ጊዜ አስጠቀለሉኝ። የእኔ ጣት የሻንጣ ጣት ነው፤ ስድስቱን ለመጠቅለል ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ጥጡን ሳስገባ መጀመሪያ አበዛሁትና ሽቦው ተጣመመ። ቀጥሎ አሳነስኩት፤ ፈሳሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጋሽ ሙሉጌታ ሁለቱንም ስህተት በማስታወሻ ያዙ።

ከዚያ «ሽቦው ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሙ ስንት ኦም እንደሆነ ሳይለካ፣ ሙቀቱን የሚወስነው ዋት ሳይመጠን አይነካም። እሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው፤ የእኔ ሙያ አይደለም» አሉ። እኔ ሞኙ «ታዲያ ጋሽ ታደሰን ልጥራቸው?» አልኩ። ሚስቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አፈጠጠችብኝ።

ጋሽ ታደሰ ጊንሃይም ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናቸው። ሁለቱ በተማሪነታቸው አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር፤ አንድ ካፖርት በፈረቃ ለብሰዋል ይባላል። ከዚያ በአንድ መግለጫ ውስጥ ባለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተጣሉና የተማሪዎቹ ማኅበር ለሁለት ተሰነጠቀ። ዓረፍተ ነገሯን ዛሬ የሚያስታውሳት የለም፣ ጠቡ ግን አርባ ዓመት አልፎታል። ቤተ ክርስቲያን አንዱ በቀኝ ሲቆም ሌላው ከምሰሶው ጀርባ ነው። ልቅሶ እንኳ ሲደርሱ በተለያየ ሰዓት ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ብዙ ካሰቡ በኋላ «በባለሙያነት ብቻ ከሆነ አልቃወምም» አሉ። ጋሽ ታደሰም ስደውልላቸው ቃል በቃል ይህንኑ አሉኝ።

የመጀመሪያው ጉባኤ በሁለተኛው ቅዳሜ ተደረገ። ሁለቱ በአንድ ሶፋ ሁለት ጫፍ ተቀምጠው የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። «ስንት ዙር ነው ያስጠቀለለህ በለው» ይላሉ አንዱ። «ስድስት በለው፤ ማስታወሻ አለኝ በለው» ይላሉ ሌላው። ሁለቱም አጠገቤ ናቸው፣ ሁለቱም ይሰማሉ፤ እኔ ግን እንደ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ከአማርኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሽቦው ያለ ጥጥ በአነስተኛ ዋት ሲሞከር በግራ ጎኑ ቀድሞ ቀላ። እኩል ከመሃሉ ነው መቅላት ያለበት። ጋሽ ታደሰ ወደ ግራ አዘንብሏል ብለው መዘገቡ፤ ጋሽ ሙሉጌታ ይህ ሰውዬ ድሮም ግራ ሲያይ ይደነግጣል በለው አሉኝ። እሱን ሳልተረጉም ቀረሁ።

በዚያው ዕለት ሁለት ውሳኔ ተላለፈ። አንደኛው፣ ሙከራው ሳይንሳዊ እንዲሆን የቀማሹ ምላስ ከጭስ ንጹሕ መሆን አለበት የሚል ነው። ቀማሹ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ሲጋራ ክልክል፣ ቬፕም ክልክል። ሁለተኛው፣ የተረፈኝ ሲጋራ በአደራ ይቀመጥ የሚል ነው። አንዱ ሌላውን ስለማያምን ፓኮው በጋሽ ሙሉጌታ፣ ላይተሩ በጋሽ ታደሰ እጅ እንዲቆይ ሆነ። የሥልጣን ክፍፍል አሉት።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ጠዋት ጋሽ ሙሉጌታ ይደውላሉ፣ ከሥራ ስወጣ ጋሽ ታደሰ። አንዳቸው ሌላው ሳያይ በድብቅ እንዳያስሞክረኝ ነው ሥጋታቸው። አንድ ቀን የሥራ ጓደኛዬን አንድ ሲጋራ ለምኜ ገና ከንፈሬ ላይ ሳደርግ ተደወለልኝ። የሰማይ ዓይን ነው ብዬ መለስኩለት። እንቅልፍ የለኝም፣ በሻንጣ ጎማ ድምፅ እናደዳለሁ። ግን ቃሌን ጠበቅኩ፤ ጥናቱ አያልቅም እንጂ ሲያልቅ እስባለሁ ብዬ!

ዋናው ልዩነት የተነሳው በአየሩ ነው። ቬፑ ሥር እንደ ቀለበት የሚዞር ነገር አለው፤ ሲከፈት ብዙ አየር ገብቶ ቀዝቀዝ ያለ ትልቅ እንፋሎት ይሰጣል፣ ሲጠብ ደግሞ እንደ ሲጋራ ጠበቅና ሞቅ ይላል። ጋሽ ሙሉጌታ ለጀማሪ አየሩ ጠበብ፣ ዋቱ ዝቅ ይበል ባይ ናቸው። ጋሽ ታደሰ አየሩ ይከፈት፣ ዋቱ ከፍ ይበል ይላሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ይዤ ብሄድ ደህና ሰው በሆንኩ። አምስት ቅዳሜ ተከራከሩ። በየመሃሉ እረፍት ይወጣል፤ ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ባልኮን፣ ጋሽ ታደሰ ነፋስ ልቀበል ብለው ወደ ታች። በስድስተኛው ቅዳሜ ድርድር ተደረገና ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሐሳብ ተወሰደ። ከጋሽ ሙሉጌታ ጠባቡ አየር፣ ከጋሽ ታደሰ ከፍተኛው ዋት።

ጥጡን ፈሳሽ ማጠጣት የማን ሥራ ነበር? አጀንዳው ላይ ስላልነበረ ማንም አላጠጣውም።

ሳብኩ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ… የደረቀ ጥጥ በጋለ ሽቦ ተቃጥሎ ጉሮሮዬ ገባ። ዓይኔ በእንባ ጠፋ፤ ስስል ሚስቴ ጀርባዬን ትደበድባለች፤ የማውቃቸው ቅዱሳን ስም ሁሉ አለቀብኝ። ቀና ብዬ ሳይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጥፋቱ የአየሩ ነው፣ የለም የዋቱ ነው እያሉ ሙግት ገጥመዋል። ጉዳዩን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመና ለእረፍት ተወጣ። ያን ቀን ሲመለሱ አብረው መግባታቸውን አይቻለሁ፤ ግን የራሴን ጉሮሮ ሳስታምም ስለነበር ነገሬም አላልኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ጭስ የሚባል ነገር አስጠላኝ። የሰው ሲጋራ ሲሸተኝ ያ ጥጥ ትዝ ይለኛል። ንዑስ ኮሚቴው ሪፖርቱን ሳያቀርብ፣ ቬፑ አንድ ጊዜ እንኳ በወጉ ሳይተን፣ ሰማንያው ቀን ደረሰ።

ክርስትናው ካለቀ በኋላ ጽዮን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆመችኝ። አንገቴን አሸተተች፣ የሸሚዜን ኮሌታ አሸተተች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸተተች። ከዚያ ልጅቷን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከሻንጣ በምን እንደምትለይ ልነግራችሁ አልችልም፤ መተንፈሴን እንኳ ረስቼ ነበር። አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። የኑረንበርጉ አማት መሐረብ አቀበለኝ።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ጋሽ ሙሉጌታና ጋሽ ታደሰ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሲጋራ ማቆሜ የጥናቱ ውጤት ነው ብለው ሕፃኗን ለማቀፍ እጃቸውን ዘረጉ። ጽዮን በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው፤ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ ይቅርታ፣ አይይዟትም። እርስዎም ጋሽ ታደሰ። ሲጋራ ይሸታሉ።»

ዞሬ አየኋቸው። ጋሽ ሙሉጌታ ካቆሙ ሃያ ዓመት፣ ጋሽ ታደሰ ከዚያም በላይ ሆኗቸዋል። ጋሽ ታደሰ መሬት መሬት እያዩ ተናዘዙ። ያ ንዑስ ኮሚቴ የተቋቋመ ዕለት ክርክሩ አንጀታቸውን አቃጥሎት ታች ቆሻሻ መጣያው ጋ ቆመው ሳለ ጋሽ ሙሉጌታ ወረዱ። የእኔን ፓኮ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሯቸው።

«እሳት አለህ?»

ነበራቸው፤ የእኔ ላይተር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይገናኛሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ማጨስ አይችልማ።

ጽዮን ጉዳዩን ሰምታም ውሳኔዋን አላነሳችም። ጋሽ ሙሉጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ይህ አካሄድ አምባገነንነት ነው አሉ። ጋሽ ታደሰ በቀጥታ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ «እደግፋለሁ» አሏቸው። ለድምፅ ቀረበ። የሁለቱም እጅ ወጣ። ከዚያ ሦስተኛውን ድምፅ ፈልገው ወደ እኔ ዞሩ፤ ምን ላድርግ፣ ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል።